እማዬን ይዤ ኤስተስ ፓርክ

እማዬ ከአዲስ አበባ በመጣች በሁለተኛው ወር መስኮት ሥር መቆም አበዛች። ከዴንቨር ጎን፣ አውሮራ ያለው ቤታችን አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሰማዩ ጥርት ሲል በምዕራብ በኩል ተራሮቹ ከዳር እስከ ዳር ይታያሉ። ሌሊት ሠርቼ ጠዋት ስገባ ነጠላዋን አጣፍታ እዚያው ቆማ አገኛታለሁ። አንድ ቀን እንዲህ አለችኝ።

"ያ ጋራ ሩቅ ነው?"

"በመኪና ሁለት ሰዓት ቢፈጅ ነው።"

ዞር ብላ አየችኝ። "ሁለት ሰዓት ከሆነ ታዲያ እዚህ ምን ያስቀምጠናል?"

መልስ አልነበረኝም። ኮሎራዶ በኖርኩባቸው ዘጠኝ ዓመታት ወደ ተራራው የወጣሁት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ ሁለቱንም ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር። ከአገር ቤት እናት ወይም አባት ያስመጣ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በዘመድ ጥየቃ ያልፋሉ። ሐቫና ጎዳና ላይ ያሉት የሐበሻ ሱቆች ይታያሉ፣ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ይኬዳል። ከዚያ ሁሉም ወደየሥራው ይበተናል፤ እንግዳዋ ከቴሌቪዥን ጋር ትቀራለች። ቋንቋ የለ፣ መኪና መንዳት የለ፣ ደጅ ወጥተው የሚያዋሩት ጎረቤት የለ። እማዬ አላማረረችም። ዝምታዋ ግን ከቀን ወደ ቀን እየበዛ ሄደ።

ከዚያ ጥያቄ ወዲህ፣ ከጁላይ እስከ ኦክቶበር፣ አምስት ጊዜ ኤስተስ ፓርክ ይዣት ሄድኩ። የመጀመሪያው ጉዞ ተበላሽቶብኛል። የቀሩት አራቱ ግን ከእሷ ጋር ካሳለፍኳቸው ቀኖች ሁሉ የምወዳቸው ናቸው። ዕድሜው የገፋ ሰው ይዛችሁ ለመሄድ ለምታስቡ የተማርኩትን ልንገራችሁ። ሰዓቱንም ዓመቱንም የምጽፈው በዚህ አገር አቆጣጠር ነው።

ኤስተስ ፓርክ፣ ስሙ "ፓርክ" ይበል እንጂ፣ ከተማ ነው። በኮሎራዶ ተራሮች "ፓርክ" የሚሉት በጋራ የተከበበ ሜዳን ነው። ድሮ ዩትና አራፓሆ የሚባሉት የአሜሪካ ቀደምት ነገዶች በጋውን የሚያሳልፉበት ቦታ ነበር። በ1859 ጆኤል ኤስተስ የሚባል ሰው መጥቶ ሸለቆውን አየ፣ ቤተሰቡንም አምጥቶ ሰፈረ፤ ስሙም ከእሱ ቀረ። ከዴንቨር በሰሜን ምዕራብ 65 ማይል ያህል ይርቃል። በ1915 የተቋቋመው የሮኪ ማውንቴን ብሔራዊ ፓርክ ዋና ደጃፍ እሱ ነው።

ለእኛ ሰው ትልቁ ነገር ከፍታው ነው። ከተማው 2,293 ሜትር ላይ ተቀምጧል። አዲስ አበባን ሊያህል ጥቂት ነው የቀረው። እማዬ ገና ከመኪና ስትወርድ አየሩን ወደ ውስጥ ስባ፣ "ይሄ እንኳ የሰው አገር አይመስልም" ያለችው ያለ ምክንያት አይደለም። ጠዋት ቀዝቀዝ ይላል፣ ቀን ፀሐዩ ይከርራል፣ ከሰዓት በኋላ ደመና ይሰበሰባል። የአዲስ አበባን ሰኔ አስታወሰኝ።

የተበላሸውን ጉዞ ላስቀድም።

ጁላይ ነው፣ ቅዳሜ ነው። አራት ሰዓት ተኩል ላይ... በዚህ አገር አቆጣጠር 10 ሰዓት ተኩል ላይ፣ ብሔራዊ ፓርኩ በር ደረስን። ጠባቂዋ የመግቢያ ፈቃዳችንን ጠየቀችን። ገንዘብ ከፍሎ የሚገባ መስሎኝ ነበር። "ለዚህ ሰዓት ቦታ ቀድማችሁ መያዝ ነበረባችሁ" ብላ በትሕትና መለሰችን። ከተማው ውስጥ መኪና ማቆሚያ ፍለጋ አርባ ደቂቃ ዞርን። 2 ሰዓት ካለፈ በኋላ ያለ ፈቃድ መግባት ይቻላል ሲሉኝ ተመልሼ ገባሁና፣ የባከነውን ሰዓት ለማካካስ፣ በቀጥታ ትሬይል ሪጅ የሚባለውን መንገድ ይዤ ሽቅብ ነዳሁ። ይህ መንገድ 3,713 ሜትር ድረስ ይወጣል። እማዬ ጠዋት ዴንቨር 1,600 ሜትር ላይ ነበረች። በአንድ ቀን ከሁለት ሺህ ሜትር በላይ አወጣኋት ማለት ነው። ምሳም በቅጡ አልበላችም፣ ውኃም አልጠጣችም። አናቱ ላይ ስንደርስ አዞራት። ፊቷ አመድ መሰለ። መቀመጫዋን ወደ ኋላ ዘርግቼ፣ ውኃ አጠጥቻት፣ ወዲያው ወደ ታች ተመለስኩ። ዝቅ እያልን ስንሄድ እየተሻላት መጣ። ያን ዕለት ግን ምንም ሳናይ ቤታችን ገባን፤ እኔም ሌሊቱን ሙሉ በፀፀት ሳልተኛ አደርኩ።

ስለዚህ የመጀመሪያው ምክሬ፦ ከታች ጀምሩ። ቢቻል ከተማው ውስጥ አንድ ሌሊት እደሩ። ወላጃችሁ ደም ግፊት ወይም የልብ ሕመም ካለባቸው ከመሄዳችሁ በፊት ሐኪማቸውን ጠይቁ፤ ኪኒናቸውን በእጅ ቦርሳ ያዙ። ውኃ እንዲጠጡ አስታውሱ። እማዬ መጸዳጃ ቤት እንዳታስቸግረን ብላ ውኃ እንደምትቀንስ የገባኝ ዘግይቶ ነው። እናቶቻችን እንዲህ ናቸው። የመጸዳጃ ቤቶቹን ቦታ ቀድሜ ስነግራት መጠጣት ጀመረች።

ሁለተኛው የፈቃዱ ጉዳይ ነው። ከሜይ መጨረሻ እስከ ኦክቶበር አጋማሽ ወደ ብሔራዊ ፓርኩ ለመግባት ከመግቢያው ክፍያ ሌላ የሰዓት ፈቃድ ያስፈልጋል። ሬክሪዬሽን ዶት ጋቭ በሚባለው ድረ ገጽ ነው የሚያዘው፤ ዋጋው 2 ዶላር ነው። ሁለት ዓይነት አለ። አንደኛው ቤር ሌክ ወደሚባለው ሐይቅ የሚወስደውን መንገድ ይጨምራል፣ ሌላኛው አይጨምርም። በዚያ መንገድ ያለውን ስፕራግ ሌክ የሚባል ሐይቅ ማየት ከፈለጋችሁ፣ እንድትፈልጉም እመክራለሁ፣ የቤር ሌክ መንገድ ያለበትን ያዙ። የቤር ሌኩ መንገድ ከማለዳ 5 እስከ ምሽት 6 ሰዓት በፈቃድ ብቻ ነው። የቀረው የፓርኩ ክፍል ግን ፈቃድ የሚጠይቀው ከ9 እስከ 2 ሰዓት ነው፤ ከዚያ በፊት ወይም በኋላ መግባት ይቻላል። ለአንድ ወር የሚሆነው ፈቃድ የሚለቀቀው ከዚያ በፊት ባለው ወር መጀመሪያ ቀን ጠዋት 8 ሰዓት ላይ ነው። ካመለጣችሁ ከጉዞው በፊት ባለው ምሽት ጥቂት ይለቀቃል። ደንቡን በየዓመቱ ስለሚነካኩት ከመሄዳችሁ በፊት አንድ ጊዜ እዩት። የመግቢያ ክፍያውም ለነዋሪና ከውጭ አገር ለመጣ ጎብኚ ሊለያይ ስለሚችል አብራችሁ አረጋግጡ። ግሪን ካርድ ወይም የአሜሪካ ዜግነት ያላቸው፣ 62 ዓመት የሞላቸው ወላጆች ካሏችሁ ደግሞ የብሔራዊ ፓርኮችን የአረጋውያን መግቢያ ካርድ አውጡላቸው። አብሮት በአንድ መኪና ያለውን ሰውም ያስገባል።

አሁን ወደ ደጉ ጉዞ ልምጣ።

መስቀል ሊገባ ሳምንት ሲቀረው ከሥራ የሦስት ቀን ፈቃድ ወሰድኩ። ማክሰኞ ወጥተን ሐሙስ ለመመለስ ነው። ከቻላችሁ ቅዳሜና እሑድን ሽሹ። በሥራ ቀን መኪና ማቆሚያውም ይገኛል፣ ማረፊያውም ይረክሳል።

ስለ ማረፊያ አንድ ነገር። እኛ የያዝነው ክፍል በፎቶ ሲታይ በጣም ያምር ነበር። ስንደርስ ሁለተኛ ፎቅ ሆነ፤ ሊፍት የለውም። ደረጃው ከውጭ ነው፣ ቁልቁለት ነው፣ ማታ ውርጭ ይይዘዋል። እማዬ ጉልበቷን ያማታል። "ምንም አይደለም ልጄ" እያለች የብረቱን መደገፊያ ጨብጣ አንድ በአንድ ስትወጣ ከኋላዋ ቆሜ ልቤ ተሰቀለ። በማግሥቱ ለምነን ምድር ቤት ቀየሩልን። በተራራው ከተማ ብዙዎቹ ማረፊያዎች የቆዩ ስለሆኑ ሊፍት አላቸው ብላችሁ አትገምቱ። ደውሉና "ምድር ቤት ነው ወይ?" ብላችሁ ጠይቁ።

ከዴንቨር የሚያደርሱ ሁለት መንገዶች አሉ። አንዱ በቦልደርና በላየንስ በኩል የሚሄደው ሃይዌይ 36 ነው። ሌላው ከላቭላንድ በቢግ ቶምሰን ወንዝ ሸለቆ የሚወጣው ሃይዌይ 34 ነው። በ36 ሄደን በ34 ብንመለስ እወዳለሁ፤ 34ቱ በቋጥኝ መካከል ከወንዙ ጎን ለጎን ይሄዳል፣ ያምራል። በመንገዱ ዳር ጎርፍ ከመጣ ወደ ላይ ውጡ የሚሉ ምልክቶች ታያላችሁ። ዝም ብለው የተተከሉ አይደሉም። ጁላይ 31 ቀን 1976 በዚህ ሸለቆ የወረደ ደራሽ ጎርፍ ከ140 በላይ ሰዎች ገድሏል። በመኪናቸው ሊያመልጡ የሞከሩ ብዙዎች ተወስደዋል። በ2013ም ሌላ ትልቅ ጎርፍ መንገዶቹን ቆራርጧቸው ነበር። ጎርፍ ከመጣ መኪናውን ትታችሁ ዳገቱን መውጣት ነው። ለእማዬ ምልክቱን ሳነብላት አማተበችና፣ "ወንዝ አጠገብ ቤት የሠራው ማነው?" አለች።

መጀመሪያ ቀን ከከተማው አልወጣንም። ሆን ብዬ ነው። የሁለት ወንዞች፣ የቢግ ቶምሰንና የፎል ሪቨር፣ ውኃ ከተማው መሃል ይገናኛል። ከሱቆቹ ጀርባ በወንዙ ዳር የእግር መንገድ አለ፤ አግዳሚ ወንበር በየቦታው ነው። ፊት ለፊት በዋናው ጎዳና ሰው ይጋፋል፣ ከኋላ ግን ውኃው ይንሿሿል። እማዬ እዚያ አንድ ሰዓት ተኩል ተቀመጠች። ከረሜላ ሱቆቹ በመስታወት በኩል ታፊ የሚባለውን ከረሜላ በማሽን እየጎተቱ ሲያለሰልሱት ያሳያሉ። እሷ አልቀመሰችውም፤ ለልጅ ልጆች ግን ግማሽ ኪሎ አስገዛችኝ።

ከከተማው በላይ ነጭ ግድግዳና ቀይ ጣሪያ ያለው ትልቅ ሆቴል ይታያል። ስታንሊ ሆቴል ነው። ታሪኩን እማዬ በጣም ወደደችው። ፍሪላን ስታንሊ ከወንድሙ ጋር በእንፋሎት የሚሄድ መኪና ይሠራ የነበረ ሰው ነው። ሳንባ ነቀርሳ ይዞት በ1903 ወደዚህ መጣ። የተራራው አየር አዳነው። ደስ ብሎት ሆቴሉን ሠራና በ1909 ከፈተው። እንግዶቹንም በእንፋሎት መኪና ያስመጣቸው ነበር። ከዚያ በኋላ ብዙ ኖሮ በ91 ዓመቱ በ1940 ነው ያረፈው። "ጠበል ገብቶ እንደ ዳነ ሰው ነዋ! ለዚህ ነው ቤቱን በነጭ የሠራው" አለች። ለምን ነጭ እንደሆነ ባላውቅም አልተከራከርኳትም። በግቢው መሄድና ከበረንዳው ተራራውን ማየት ይበቃል፤ ማደር አያስፈልግም።

ከሰዓት በኋላ ወደ ሌክ ኤስተስ ወረድን። ሰው ሠራሽ ሐይቅ ነው፤ ኦሊምፐስ የሚባለው ግድብ የያዘው። ዙሪያውን የሚሄደው አስፋልት መንገድ ከሦስት ማይል ተኩል በላይ ነው። መላውን መዞር ግዴታ የለም። እኛ አሥር ደቂቃ ሄደን ተቀመጥን፣ አሥር ደቂቃ ሄደን ተመለስን። ይህ ያለ ምንም ክፍያ የሚገኝ ነው፤ ወደ ብሔራዊ ፓርኩ ባትገቡ እንኳ ከከተማው ብቻ አንድ ሙሉ ቀን ይወጣል።

ረቡዕ ጠዋት ስፕራግ ሌክ ገባን። በፓርኩ ውስጥ አረጋዊ ይዞ ለመሄድ ከዚህ የተሻለ ቦታ አላየሁም። ዙሪያው አንድ ማይል አይሞላም። መንገዱ ሜዳ ነው፤ ተሽከርካሪ ወንበር ያስኬዳል። ጠዋት ነፋስ ሳይነሳ ውኃው መስተዋት ይሆናል። ተራሮቹ ተዘቅዝቀው ይታያሉ። ያን ዕለት አስፐን የሚባለው ዛፍ ቢጫ ሆኖ ነበር። ቅጠሉ ትንሽ ነፋስ ሲነካው ሁሉም በአንድነት ይርገበገባል። እማዬ ቆመች።

"አደይ ዛፍ ላይ ወጣ እንዴ?"

ወሩ የእኛው መስከረም ነበር። በዚያው ሳምንት አገር ቤት ጋራው በአደይ ቢጫ ይሆናል። እዚህ ደግሞ ዛፉ ቢጫ ነው። ይህን ለማየት የሴፕቴምበር ሁለተኛ አጋማሽ ይሻላል። ልጆች ወይም ወጣቶች አብረዋችሁ ካሉ ከዚያ አለፍ ብሎ ከቤር ሌክ ወደ ኒምፍ፣ ድሪምና ኤመራልድ ሐይቆች የሚያወጣ የእግር መንገድ አለ፤ ደርሶ መልስ ሦስት ማይል ተኩል ገደማ ነው። አብሮን የመጣው ወንድሜ ሄዶ ነፍሱ እስኪረካ አይቶ መጣ። እኔ ከእማዬ ጋር ቀረሁ። የቤር ሌክ ማቆሚያ በጠዋቱ ስለሚሞላ ከታች አቁማችሁ በነፃው አውቶቡስ ብትወጡ ይቀላችኋል።

ምሳችን ከቤት የመጣ ነው። ረቡዕ ስለሆነ የሽሮ ፍርፍር ይዘናል፤ ዳቦ፣ ቆሎ፣ ሙዝም አለ። ቡናው ቤት ተፈልቶ በፔርሙዝ ነው የመጣው። ከሰል ይዤ ጀበና ላፍላ የሚል ሐሳብ ካላችሁ ተዉት። እሳት የሚፈቀደው በተዘጋጀለት ምድጃ ብቻ ነው፤ ድርቅ ሲሆን እሱም ይከለከላል። የተረፈውን ምግብ መኪና ውስጥ ቆልፉበት፣ ውጭ አትተዉ፤ ድብ አለ።

ከምሳ በኋላ ትሬይል ሪጅን በድጋሚ ሞከርነው። አሁን ግን አንድ ሌሊት አድረናል፣ በልተናል፣ ጠጥተናል። ሰማዩም ንጹሕ ነበር። በሰመር ወራት ግን በዚህ ሰዓት አትውጡ፤ ከሰዓት በኋላ መብረቅ ስለሚበዛ ከእኩለ ቀን በፊት ወጥቶ መውረድ ነው። መንገዱ በ1932 ነው የተከፈተው። 48 ማይል ነው፤ ከዚያ ውስጥ 11 ማይሉ ዛፍ ከማይበቅልበት ከፍታ በላይ ነው። ከኦክቶበር አጋማሽ ጀምሮ እስከ ሜይ መጨረሻ ድረስ በበረዶ ምክንያት ይዘጋል። ብዙ ቦታ መከላከያ ብረት የለውም፣ ገደሉ ከጎማው ሥር ነው። ቀስ ብሎ መንዳት ነው። ስትወርዱ ፍሬን ላይ እግራችሁን አታክርሙ፣ ማርሽ ዝቅ አድርጉ። ፓርኩ ውስጥ ነዳጅ ማደያ ስለሌለ ከከተማው ሞልታችሁ ውጡ። እኛ በየሃያ ደቂቃው እየቆምን ሄድን። እማዬ ሎሚ ይዛ እያሸተተች ነው።

ዛፉ እያነሰ፣ እየተጎሳቆለ ሄደና ጨርሶ ጠፋ። ሳር ብቻ ሆነ። አጭር፣ ቡናማ የሚመስል ሳር፣ በመካከሉ ድንጋይ። ነፋሱ ያፏጫል። መኪናውን አቆምኩና በሩን ከፈትኩላት። ጋቢዋን ተከናንባ ወረደች። ብዙ ጊዜ አልተናገረችም። ከዚያ፣ "ጓሳ ነው" አለች።

እማዬ የመንዝ ልጅ ናት። ከጓሳ ሜዳ ብዙም ሳይርቅ ተወልዳ፣ በአሥራ ስድስት ዓመቷ ተድራ አዲስ አበባ መጣች። ጓሳ ከ3,200 ሜትር በላይ ያለ ብርዳም አምባ ነው። ስሙ የመጣው ከሳሩ ነው፤ ቤት የሚከደንበት፣ ገመድ የሚፈተልበት ሳር። ልጅ ሆና በግ የጠበቀችበትን አገር ብዙ ጊዜ ስታወራ እሰማ ነበር። አይቼው ግን አላውቅም። ያን ዕለት ከሮኪ ተራራ አናት ላይ ሆና በጣቷ እያሳየች አስጎበኘችኝ። "ጅብራው ነው የጎደለው። እዚህ ጋ ጅብራ ቢኖር፣ እዚያ ማዶ ቀይ ቀበሮ ቢያልፍ፣ አለቀ።"

ጎንበስ ብላ ከመንገዱ ዳር ካለው ቅጠል ቀንጠስ ልታደርግ እጇን ሰደደች። ጦስኝ ይሆን ብላ ልታሸትተው ነው። ያዝኳት። "እማዬ፣ አይቻልም። እዚህ ቅጠል መቁረጥ ክልክል ነው።" በዚህ ከፍታ ያለው ዕፅዋት ዕድገቱ እጅግ አዝጋሚ ነው። አንድ ጊዜ ከተረገጠ እስኪያገግም ብዙ አሥርት ዓመታት ይፈልጋል። ስለዚህ ከተነጠፈው መንገድ ወጥቶ መርገጥ፣ አበባና ድንጋይ መውሰድ የተከለከለ ነው። ይህን እንዴት እንደማስረዳት ሳስብ እሷ ቀደመችኝ።

"ታግዷል በይኝ እንጂ! ታግዷል ካልሽኝ ይገባኛል።"

በጓሳም ሳሩ ይታገድ ነበር። በአባቶች ሥርዓት ለዓመታት አይታጨድም፣ ከብትም አይገባበትም። ሳሩ ሲደርስ ሽማግሌዎች ቀን ቆርጠው ይከፍቱታል፤ ያን ቀን አገሩ ሁሉ ማጭዱን ይዞ ይወጣል። ደንቡን የጣሰ ይቀጣል። እጇን ሰብስባ ቅጠሉን ከሩቅ እያየችው ቆየች። ከዚያ በኋላ በየቦታው ሰው ከመንገድ ሲወጣ ስታይ ትቆጣ ጀመር። አንድ ወጣት ፎቶ ሊነሳ ሳሩን ረግጦ ሲገባ በአማርኛ "ውጣ አንተ ልጅ!" አለችው። ቋንቋው ባይገባውም ወጣ።

ሽኮኮ የሚመስል፣ ከሽኮኮ ግን ወፈር የሚል ማርሞት የሚባል አውሬ ድንጋዩ ላይ ተዘርግቶ ፀሐይ ይሞቃል። ምግብ አትስጡት። ከዚያ ወዲያ ባለው 3,595 ሜትር ላይ በተሠራው የጎብኚዎች ማዕከል መጸዳጃ ቤት፣ ሻይና ሞቅ ያለ ክፍል አለ። እኛ እዚያ ሩብ ሰዓት ዐርፈን ተመለስን። ትንሽ ራስ ምታት ሲሰማት ወዲያው መውረድ ጀመርን፤ ከዚህ በላይ ልቆይ ማለት አያስፈልግም።

ለምሽቱ ሞሬን ፓርክ የሚባለው ሜዳ ዳር ደረስን። ኤልክ የሚባለው ትልቁ አጋዘን ለርቢ የሚገናኘው በሴፕቴምበርና በኦክቶበር ነው። ፀሐይ ልትገባ ስትል ሴቶቹ ከጫካው ወጥተው ሜዳውን ሞሉት። ከኋላቸው ወንዱ መጣ። ቀንዱ የደረቀ ዛፍ ይመስላል። አንገቱን ቀና አድርጎ ጮኸ። ድምፁ ከወፍራም ጀምሮ እየቀጠነ፣ እየቀጠነ ሄዶ ፉጨት ይሆናል። ከማዶ ሌላው መለሰለት። ተራራው አስተጋባ።

"ይሄን ሁሉ ሰውነት ይዞ እንዴት እንደ ዋሽንት ቀጠነ?" አለች እማዬ።

እነዚህ እንስሳት ባለፈው መቶ ዓመት መጀመሪያ በአደን ከአካባቢው ጠፍተው ነበር። በ1913 እና በ1914 ከየሎውስቶን አምጥተው ነው መልሰው ያራቧቸው። አሁን ከተማው መሃል ሳይቀር ይገባሉ፤ ሐይቁ ዳር ባለው የጎልፍ ሜዳ ላይ ሲግጡ አይተናል። ለማዳ ይመስላሉ፣ አይደሉም። ከኤልክና ከተራራ በግ ቢያንስ 23 ሜትር፣ ሙስ ከሚባለው ሌላ ግዙፍ አጋዘንና ከድብ 37 ሜትር ያህል መራቅ ሕጉ ነው። ለርቢ በሚገናኙበት ወቅት ወንዶቹ፣ በሜይ መጨረሻና በጁን ደግሞ የወለዱት ሴቶች ሰው ይወጋሉ፣ ይራገጣሉ። ሲመሽ ወደ ሜዳው በእግር መግባት ክልክል ነው። ከመንገድ ዳር፣ ከመኪና ሳትወርዱ ማየት ትችላላችሁ፤ ለአረጋዊ ይህ ይመቻል። ጋቢና ፔርሙዝ አትርሱ፣ ብርዱ ይነክሳል።

ሐሙስ ከመመለሳችን በፊት በሃይዌይ 7 ወደ ደቡብ ወረድን። በመጀመሪያ ሊሊ ሌክ አለ፤ እሱም ዙሪያው አጭርና ሜዳ ነው፤ ከዳሩ ሎንግስ ፒክ የሚባለው 4,346 ሜትር ከፍታ ያለው ተራራ ይታያል። ከዚያ አለፍ ሲል በቋጥኝ አናት ላይ የተሠራ የድንጋይ ቤተ ክርስቲያን ከመንገዱ ዳር ድንገት ብቅ ይላል። በ1936 የተሠራ የካቶሊክ ጸሎት ቤት ነው፤ የሲዬናዋ ቅድስት ካትሪን ይባላል። ጳጳስ ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ በ1993 ጎብኝተውታል። ከድንጋዩ ጋር ተያይዞ ስለተሠራ ቋጥኙ የት አልቆ ግድግዳው የት እንደጀመረ መለየት ይቸግራል። እማዬ ከታች ቆማ ነጠላዋን አስተካከለች። "የእኛ አይደለም አይደል?" አለች። "አይደለም" አልኳት። ቢሆንም ከደጁ ሦስት ጊዜ ሰገደች። የአገር ቤቱን የተራራ ላይ ደብር ሁሉ እያነሳች እስከ ቦልደር ድረስ አወራችኝ። ከመጣች ጀምሮ እንዲህ ስታወራ አልሰማኋትም ነበር።

ዊንተር ላይም ከተማው ክፍት ነው፤ መንገዱ ግን በረዶና ውርጭ ስላለበት ጥሩ የበረዶ ጎማ ከሌላችሁ ወላጅ ይዛችሁ አትሂዱ። እኔ አልሞከርኩትም።

እማዬ ኖቬምበር ላይ ተመለሰች። ቦሌ ከወረደች በኋላ ለጎረቤቶቻችን የምታወራው ስለ ዴንቨር አይደለም። በስልክ ስትናገር ሰማኋት፤ "አሜሪካ ጓሳ አለ" ነው የምትለው። ዘንድሮ በሴፕቴምበር እመጣለሁ ብላለች፤ የምታመጣው ዕቃ ምን እንደሆነ ስጠይቃት በርበሬና ወፍራሙን የመንዝ ባና አለችኝ፣ ለአጋዘኑ ማታ። የሴፕቴምበር ፈቃድ የሚለቀቀው ኦገስት 1 ጠዋት 8 ሰዓት ላይ ነው። ከሥራ እንደወጣሁ ኮምፒውተሩን ከፍቼ እጠብቃለሁ።